የመርከብ ሕግ ከሞት በፊት ሲጻፍ

ጅቡቲ ወደብ ደርሰው ስንዴ፣ ማዳበሪያና ኮንቴይነር የሚያራግፉት መርከቦች አብዛኞቹ ገና በንድፍ ላይ ሳሉ አንድ ፈተና አልፈዋል። መርከቡ በነፋስና በማዕበል ተገፍቶ 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲያጋድል፣ መልሶ የሚያቃናው ክንድ 20 ሴንቲ ሜትር መድረስ አለበት። የመርከቡ ክብደት በስበት ማዕከሉ በኩል ወደ ታች ይጎትታል፤ ውሃው ደግሞ ከጠለቀው የመርከቡ ገላ መሃል ተነሥቶ ወደ ላይ ይገፋል። መርከቡ ቀጥ ብሎ ሲንሳፈፍ ሁለቱ ኃይሎች በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ሲያጋድል ግን የጠለቀው ክፍል ቅርጹ ስለሚለወጥ ውሃው የሚገፋበት ነጥብ ወዳጋደለበት ጎን ይሸሻል። በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚፈጠረው አግድም ርቀት መርከቡን የሚመልሰው ክንድ ነው። ክንዱ ሲያጥር መርከቡ ለመቃናት አቅም ያንሰዋል፤ ጨርሶ ሲጠፋ ይገለበጣል።

ይህን 20 ሴንቲ ሜትር ያገኘው አንድ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ያኮ ራሆላ የተባለ ፊንላንዳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሄልሲንኪ በሚገኘው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቱን አቀረበ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ራሆላ የተገለበጡ መርከቦችን መዝገብ አሰባስቦ የእያንዳንዱን ክንድ በየማዕዘኑ አሰላ፤ ከዚያም በሰላም ሲመላለሱ ከኖሩት ጋር አነጻጸረ። ሊመልስ የፈለገው ጥያቄ፣ አንድ መርከብ ላለመገልበጥ ቢያንስ ምን ያህል ክንድ ይበቃዋል የሚል ነበር። ከእርሱ በፊት ይህ ጉዳይ በአብዛኛው ለሠሪዎች ልምድና ለካፒቴኖች ስሜት የተተወ ነበር።

ዛሬ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት፣ በምህጻሩ አይኤምኦ፣ የምንለው ተቋም በ1968 ያጸደቀው የመርከብ ሚዛን መመዘኛ የራሆላ አሻራ በግልጽ ይታይበታል። በ30 ዲግሪ 20 ሴንቲ ሜትር የሚለው ልክም በዚያው አለ። መመዘኛው ለረጅም ጊዜ ምክር ብቻ ሆኖ ቆይቶ አስገዳጅ የሆነው በ2010 ነው። ጥናቱ ምክር እስኪሆን 29 ዓመት፣ ግዴታ እስኪሆን 71 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

በባሕር ጉዞ ታሪክ ውስጥ ይህ ዓይነት መዘግየት ደጋግሞ ይታያል። ዕውቀቱ በአንድ ቤተ ሙከራ ወይም በአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ሕጉ የሚወጣው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። አሁን የዓለም መርከቦች ነዳጃቸውን ሊለውጡ ሲነሡ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ የሚያስችል ዕድል አግኝተዋል ብዬ አምናለሁ። ዕድሉ እንዴት እንደተገኘ ለመረዳት ግን አስቀድሞ ሁለት የመስጠም አደጋዎችን መመልከት ያስፈልጋል።

በመኪና ወለል ላይ የገባ ውሃ

ማርች 6 ቀን 1987 ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የተባለች መኪናና መንገደኛ አመላላሽ መርከብ ከቤልጂየሙ የዜብሩገ ወደብ ወደ እንግሊዝ ለመሻገር ተነሣች። የፊት በሯ አልተዘጋም ነበር። ከወደቡ እንደወጣች ውሃ ወደ መኪናው ወለል ገባ፤ በደቂቃዎች ውስጥም በጎኗ ተገለበጠች። 193 ሰዎች ሞቱ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1994 ሌሊት፣ ኢስቶኒያ የተባለችው መርከብ ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትጓዝ በማዕበል የፊት መከለያዋ ቁልፎች ተሰበሩ፤ መከለያው ተገንጥሎ ወደቀ፤ ውሃው እንደገና የመኪናውን ወለል አጥለቀለቀ። ከተሳፈሩት 989 ሰዎች 852ቱ አለቁ።

የሁለቱ አደጋዎች መነሻ ቢለያይም መርከቦቹን የገለበጣቸው የፊዚክስ ሕግ አንድ ነው። መኪናና ከባድ ተሽከርካሪ በአንድ በር ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ሲባል ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ሆኖ ይሠራል፤ ውሃ የሚያግድ ግድግዳ የለውም። በእንዲህ ያለ ወለል ላይ የገባ ውሃ በአንድ ቦታ ረግቶ አይቆይም። በትሪ ላይ ትንሽ ውሃ አፍስሶ ለመሸከም የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ትሪው ጥቂት ዘንበል ሲል ውሃው ሁሉ ወደዚያው ጎን ይሮጥና ይበልጥ ያዘነብለዋል። በመርከብ ላይም የውሃው ክብደት ወዳጋደለበት ጎን ሲሮጥ የሚያቃናውን ክንድ ይበላዋል። ለዚህም ነው በሺህ የሚቆጠር ቶን የምትመዝን መርከብ ከክብደቷ አንጻር እጅግ ትንሽ በሆነ ውሃ የምትሸነፈው።

ከኢስቶኒያ በኋላ የሰሜን ምዕራብ አውሮፓና የባልቲክ አገሮች በ1996 የስቶክሆልም ስምምነት የተባለውን ደንብ ተቀበሉ። በደንቡ መሠረት እንዲህ ያለ መርከብ ገላው ተቀድዶ፣ በመኪናው ወለል ላይ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ውሃ ተኝቶበትም መቆም መቻሉ በስሌት መረጋገጥ አለበት። ባለቤቱ ስሌቱን ካልፈለገ የመርከቡን አነስተኛ አምሳያ አሠርቶ በሙከራ ገንዳ ውስጥ በሰው ሠራሽ ማዕበል ማስፈተን ይችላል።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ሥራ ጎልቶ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በግላስጎው የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ድራኮስ ቫሳሎስና ባልደረቦቹ፣ በፖላንድ የግዳንስክ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማቼይ ፓቭሎቭስኪ፣ የተቀደደ መርከብ በማዕበል ውስጥ የሚገለበጥበትን ቅጽበት መረመሩ። በአምሳያ ሙከራዎቹ አንድ ነገር ተደጋግሞ ታየ። ማዕበሉ በቀዳዳው በኩል ውሃ እየገፋ ወለሉ ላይ ያከማቻል፤ ክምችቱ ከውጭው ባሕር ወለል ከፍ ብሎ የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ መርከቡ መመለሻ ያጣል። ይህ መጠን ከማዕበሉ ከፍታ ጋር ስለሚዛመድ፣ አንድ መርከብ ስንት ሜትር ማዕበል እንደሚቋቋም አስቀድሞ ማስላት ተቻለ። የ1987ና የ1994 መርከቦች ሲነደፉ ይህ ስሌት በነዳፊዎቹ እጅ አልነበረም።

አንድን ጥያቄ 49 ዓመት መያዝ

ከዚህም የሚልቅ ለውጥ ያመጣ ሐሳብ በ1960 ታትሞ ነበር። በዚያን ጊዜ ደንቡ፣ መርከብ ውሃ በማያሳልፍ ግድግዳ በክፍል በክፍል ይከፈል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ክፍል በውሃ ቢሞላ መርከቡ አይስጠም የሚል ነበር። ጀርመናዊው የመርከብ ምሕንድስና ፕሮፌሰር ኩርት ቬንደል ግን ግጭት ለደንብ እንደማይገዛ አስተዋለ። የሚመጣው መርከብ የቱ ጋ እንደሚመታ፣ ቀዳዳው ምን ያህል እንደሚረዝምና ምን ያህል እንደሚጠልቅ ማንም አያውቅም። ስለዚህ መርከብን በሁለትና በሦስት የተመረጡ ጉዳቶች ብቻ መፈተን ትርጉም ያጣል።

ቬንደል ያቀረበው መንገድ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ሁሉ መዘርዘር ነው። ለእያንዳንዱ ጉዳት ሁለት ነገር ይሰላል። አንደኛው ጉዳቱ የመድረስ ዕድሉ ነው፤ ሁለተኛው ጉዳቱ ከደረሰ መርከቡ የመትረፍ ዕድሉ ነው። ሁለቱ ይባዛሉ፤ የሁሉም ብዜት ይደመራል። ድምሩ የመርከቡ ነጥብ ይሆናል። ሕጉም በመርከቡ መጠንና በሰዎቹ ብዛት ልክ ዝቅተኛ ነጥብ ይወስናል፤ ከዚያ በታች ያመጣ መርከብ አይሠራም። ነዳፊው ግድግዳውን የት እንደሚያቆም የሚያዘው የለም፤ ነጥቡን እስካመጣ ድረስ በራሱ ብልሃት ይሠራል።

ሐሳቡ ሕግ የሆነው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1973 ለመንገደኛ መርከቦች እንደ አማራጭ ተፈቀደ። በ1992 ለደረቅ ጭነት መርከቦች ግዴታ ሆነ። የመንገደኛውንም የጭነቱንም ወደ አንድ ያመጣው ሶላስ 2009 የተባለው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ነው። ከሐሳቡ እስከ ሙሉ ሕጉ 49 ዓመት ሆነ።

ለመዘግየቱ ከአንድ በላይ ምክንያት ነበር። ስሌቱ በሺህ የሚቆጠሩ የጉዳት ዓይነቶችን ስለሚመረምር የኮምፒውተር አቅም እስኪያድግ መጠበቅ ነበረበት። መረጃውም በየቦታው ተበትኖ ነበር። የጉዳት ዕድልን ለማወቅ እውነተኛ ግጭቶች የት የት እንደደረሱ፣ ቀዳዳቸውም ምን ያህል እንደነበረ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ይህ መዝገብ ደግሞ በመርከብ መርማሪ ድርጅቶችና በኢንሹራንሶች እጅ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተካሄደው ሃርደር የተባለ የጋራ ጥናት ትልቁ አስተዋጽኦ ይህን መዝገብ አሰባስቦ መተንተኑ ነው። ከሁሉ የከበደው ግን የፈቃደኝነት ጉዳይ ነበር። ከባድ ደንብ ማለት ውድ መርከብ ማለት ስለሆነ፣ ከአደጋ ማግሥት ካልሆነ በቀር የሚቸኩልለት አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚጠቅም በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታየኛል። ኩባንያ የሚያስበው በሚቀጥለው ትዕዛዝ፣ መንግሥት በሚቀጥለው ምርጫ ልክ ነው፤ የመርማሪ ኮሚሽንም ሪፖርቱን ካስረከበ በኋላ ይበተናል። አንድን ጥያቄ ከመምህር ወደ ተማሪ እያስተላለፈ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊይዝ የሚችል ተቋም ዩኒቨርሲቲ ነው። የቬንደል ሐሳብ በመጽሔት ገጽ ላይ ያልሞተው በሃምቡርግ፣ በአቴንስ፣ በግዳንስክና በግላስጎው ያሉ ተመራማሪዎች በየትውልዱ ስላነሡት ነው።

የጭሱ ዋጋ

ደኅንነት ስንል ለረጅም ጊዜ ያሰብነው ተሳፋሪውንና ባሕረኛውን ነበር። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነገር የዳር ሰው ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ካናወጡት ሥራዎች አንዱ በ2007 የታተመው የጄምስ ኮርቤትና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። በአሜሪካ የደላዌር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ኮርቤት መርከቦች በየመስመሩ የሚያቃጥሉትን ነዳጅ፣ ከዚያም የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ የሚነፍስበትን አቅጣጫና በዚያ የሚኖረውን ሕዝብ አንድ ላይ አድርጎ አሰላ። ውጤቱም የመርከብ ጭስ በዓመት 60,000 ያህል ሰዎችን በልብ፣ በሳምባና በሳምባ ካንሰር ሕመም ያለ ዕድሜያቸው እንደሚገድል አመለከተ። ጉዳቱ በወደብ ዳር በሚኖሩ የአውሮፓ፣ የምሥራቅ እስያና የደቡብ እስያ ሕዝቦች ላይ ይከብዳል።

በሚቀጥለው ዓመት አይኤምኦ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው ሰልፈር ከ2020 ጀምሮ ወደ 0.5 በመቶ እንዲወርድ ወሰነ። ቀድሞ እስከ 3.5 በመቶ ይፈቀድ ነበር። ደንቡ በጊዜው ተፈጸመ። ሆኖም ብዙ ባለቤቶች ርካሹን ባለ ሰልፈር ነዳጅ ማቃጠላቸውን ሳይተዉ ጭሱን በባሕር ውሃ የሚያጥብ መሣሪያ አስገጠሙ። በስዊድን ጎተንበርግ የሚገኘው የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያ የታጠበበት ውሃ ወደ ባሕር ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርግ አጠኑ። አሲድነቱና የያዛቸው ብረቶች የባሕሩን ፍጥረታት እንደሚጎዱ አሳዩ። ስዊድን፣ ዴንማርክና ፊንላንድ ከ2025 ጀምሮ ይህን ውሃ በራሳቸው የባሕር ክልል መልቀቅን ከልክለዋል። አንዱን ብክለት ለማስወገድ የመጣ መፍትሔ ሌላ ብክለት እንዳይወልድ መከታተልም የምርምር ሥራ ነው።

ንጽሕናና ደኅንነት ሲጋጩ

መርከቦች የዓለምን ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላይ ያጓጉዛሉ፤ በሰው እንቅስቃሴ ከሚለቀቀው ካርቦን ደግሞ 3 በመቶ ያህሉ የእነርሱ ነው። ይህን ለመቀነስ ቀላሉ መንገድ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። መርከብን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ብዜት ያድጋል። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲቀንስ የሞተሩ ጉልበት በ27 በመቶ ይወርዳል፤ ጉዞው ስለሚረዝም በአንድ ጉዞ የሚቆጠበው ኃይል 19 በመቶ ገደማ ይሆናል።

አይኤምኦ በ2011 ያጸደቀውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ አዲስ መርከብ አንድ ቶን ጭነት አንድ ማይል ሲወስድ የሚለቀው ካርቦን ከተወሰነ ልክ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ነዳፊ በቀላሉ ሊያሟላው የሚችለው ትንሽ ሞተር በመግጠም ነው። ብትን ጭነትና ነዳጅ የሚጭኑ ግዙፍ መርከቦች በረጋ ባሕር ላይ በትንሽ ሞተር ይሄዳሉ። ማዕበል ሲነሣ ግን ነፋሱና ሞገዱ አፍንጫቸውን ይገፋዋል፤ አዙረው ከባሕሩ ዳርቻ ለመራቅ አቅም ያጣሉ። ዓለቱ ላይ የተወረወረ መርከብ ሰውም ያሳጣል፣ ነዳጁንም ባሕር ላይ ይደፋል።

ሥጋቱን ከያዙት ጥናቶች አንዱ በአቴንስ ብሔራዊ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ከ2013 እስከ 2016 የተካሄደው ሾፔራ የተባለው ፕሮጀክት ነው። በፕሮፌሰር አፖስቶሎስ ፓፓኒኮላው የተመራው ቡድን በተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የሙከራ ገንዳዎች አምሳያዎችን በማዕበል ውስጥ ፈተነ፤ ስሌትም አዘጋጀ። አንድ መርከብ በክፉ አየር አቅጣጫውን ለመያዝ ቢያንስ ምን ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል የሚለውን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ጣረ። በጃፓንም ተመሳሳይ ምርምር ይካሄድ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ውጤታቸውን ወደ አይኤምኦ አቀረቡ፤ የዝቅተኛ ጉልበት መመሪያው ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2021 ተሻሽሎ ወጣ።

ከ2023 ጀምሮ በነባር መርከቦች ላይ የሚሠራው ደንብም ከዚሁ ግንዛቤ ጋር ይሄዳል። መርከቡ ትልቅ ሞተሩን ይዞ ይቆያል፤ ጉልበቱ ግን በመደበኛ ጉዞ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ይገደባል። የሰው ሕይወትና የመርከቡ ደኅንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ ካፒቴኑ ገደቡን መክፈት ይፈቀድለታል፤ የከፈተበትን ምክንያትም መዝግቦ ያሳውቃል። በዚህ መንገድ ንጽሕናውም አልተተወም፤ የአደጋ ጊዜ አቅሙም አልተነጠቀም።

ይህን ጉዳይ ከሄራልድና ከኢስቶኒያ የሚለየው ነገር ትልቅ ነው። ጥያቄው የተነሣው ደንቡ ገና አዲስ ሳለ ነው፤ ስሌቱም የቀረበው በሐዘን የተመታ ሕዝብ ጎዳና ላይ ወጥቶ ሳይጮህ ነው። ዕውቀት ከሞት ሊቀድም እንደሚችል አንድ ማስረጃ ይኸው።

ነዳጁ ሲለወጥ አደጋውም ይለወጣል

የሚቀጥለው ፈተና ከዚህ ይከብዳል። የአይኤምኦ አባል አገሮች በ2023 የመርከብ ልቀት በ2050 ወይም በዚያ አካባቢ ወደ ዜሮ እንዲጠጋ ተስማምተዋል። ቀስ ብሎ በመሄድ ብቻ እዚያ አይደረስም፤ ነዳጁ ራሱ መለወጥ አለበት። የሚታሰበው እያንዳንዱ አማራጭ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው።

ከአማራጮቹ ብዙ ተስፋ የተጣለበት አሞኒያ ነው። በውስጡ ካርቦን ስለሌለ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያወጣም። ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ሴልሺየስ ፈሳሽ ስለሚሆን ከሃይድሮጂን ይልቅ ለመጫን ይቀላል፤ ሃይድሮጂን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ ነው። በጭነትነት አሞኒያን መርከቦች ለአሥርተ ዓመታት አጓጉዘውታል። ነገር ግን በአንድ ኪሎ ግራም የሚይዘው ኃይል ከተለመደው የመርከብ ነዳጅ ግማሽ አይሞላም፤ ስለዚህ ትልልቅ ታንኮች ይፈልጋል። ሲቃጠል ጥቂት ናይትረስ ኦክሳይድ ከወጣ ደግሞ ጥቅሙ ይበላል፤ ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ 273 ጊዜ ያህል የምድርን አየር ያሞቃልና።

ከሁሉ በላይ አሞኒያ መርዝ ነው። በተዘጋ የሞተር ክፍል ውስጥ ቧንቧ ቢያፈተልክ ዓይንንና ሳምባን ያቃጥላል፤ መጠኑ ከበዛ በደቂቃዎች ይገድላል። ጋዙ ከአየር ይቀልላል ቢባልም ቀዝቃዛ ሆኖ ሲያፈተልክ ከእርጥበት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ከባድ ደመና ወለሉ ላይ ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ የአየር ማስወጫው የት ይሁን፣ ቧንቧው በስንት ግድግዳ ይሸፈን፣ ጠቋሚው በምን ልክ ያስጠንቅቅ፣ ባሕረኛው በየት በኩል ይውጣ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድመው መልስ ይፈልጋሉ። የአቃጣጠሉን ኬሚስትሪ ለዓመታት ሲያጠኑ ከቆዩት መካከል የዌልሱ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳል። አይኤምኦ በአሞኒያ ለሚነዱ መርከቦች ጊዜያዊ የደኅንነት መመሪያ ያጸደቀው በዲሴምበር 2024 ነው። በዚያን ጊዜ በአሞኒያ የሚሠሩት መርከቦች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ ሥራ የጀመረችው ሳኪጋኬ የተባለች ጎታች ጀልባ አንዷ ናት። መመሪያው ከመርከቦቹ ብዛት ቀድሟል።

ሌሎቹም አማራጮች ነጻ አይደሉም። ሜታኖል ለአያያዝ ይቀላል፤ ነገር ግን ሲቃጠል ነበልባሉ በቀን ብርሃን ለዓይን ያስቸግራል፤ እሳቱን ሳያይ የሚጠጋ ሰው ይቃጠላል። ከተፈጥሮ ጋዝ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሜቴን በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከፍተኛ ነው። ባትሪ ለአጭር መስመር ጥሩ መፍትሔ ሆኗል፤ ኖርዌይ በ2015 አምፔር የተባለችውን በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሠራ የመኪና ማመላለሻ መርከብ ሥራ ላይ አውላለች። በኦክቶበር 2019 ግን ይተርኦይኒንገን በተባለች ሌላ የኖርዌይ መርከብ የባትሪ ክፍል ውስጥ እሳት ተነሣ፤ በማግሥቱም የተከማቸ ጋዝ ፈነዳ። የሊቲየም ባትሪ እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላም ጋዝ ማመንጨት ይችላል፤ ይህን የማያውቅ እሳት አጥፊ ለሕይወቱ ያሰጋዋል።

ስለዚህ ስለ ንጹሕ መርከብ የሚደረግ ምርምር ስለ ደኅና መርከብ ከሚደረገው ተለይቶ ሊሄድ አይችልም። ሁለቱን በሁለት ክፍል፣ በሁለት በጀት፣ በሁለት ጉባኤ መያዝ ቀድሞ የነበረውን ስሕተት መድገም ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ምርምሩ ወጪ አለው። የሙከራ ገንዳ፣ ሞገድ ሠሪ መሣሪያና የኮምፒውተር አቅም ዩኒቨርሲቲ ብቻውን የሚችለው አይደለም። የስትራትክላይድ የባሕር ደኅንነት ምርምር ማዕከል በ2015 ሲቋቋም የመርከብ መርማሪው ዲኤንቪ ጂኤልና የመዝናኛ መርከብ ባለቤቱ ሮያል ካሪቢያን ድጋፍ ሰጥተውታል። ይህ ዓይነት ትብብር ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ተመራማሪው እውነተኛ መርከቦችንና እውነተኛ መረጃ ያገኛል። ነገር ግን ከፋዩ ባለጉዳይ ሲሆን የማይጠየቁ ጥያቄዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የሕዝብ ገንዘብ ከዚህ ሥራ ሊርቅ የማይገባው ለዚህ ነው። ሃርደርና ሾፔራ የተሳካላቸው በአውሮፓ ኅብረት በጀት በመሠራታቸውና ብዙ አገሮች ስለተሳተፉባቸው ነው፤ ውጤታቸውን አንድ ኩባንያ ሊደብቀው አልቻለም።

የፖለቲካው እርምጃም አዝጋሚ ነው። በካርቦን ላይ ዋጋ የሚጥለው የአይኤምኦ ማዕቀፍ በኤፕሪል 2025 መጀመሪያ ደረጃውን ቢያልፍም፣ በኦክቶበር ሊጸድቅ ሲል አገሮቹ ድምፅ ሰጥተው ለአንድ ዓመት አራዘሙት። የደኅንነት ምርምር ይህን መጠበቅ የለበትም። ስምምነቱ ሲፈረም ባለቤቶች ለአዲስ ነዳጅ መርከቦች ይሽቀዳደማሉ፤ የጥድፊያ ጊዜ ደግሞ ለጥናት የማይመች ጊዜ ነው።

የእኛ ድርሻ

ኢትዮጵያ ወደብ የላትም፤ ስለዚህም ጉዳዩ አይመለከታትም የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ የባሕር ማጓጓዣ ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው እስከ ገበሬው ደጃፍ ይደርሳል። የአሞኒያ ጉዳይም ለእኛ ሩቅ አይደለም። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ ዛሬ የዓለም አሞኒያ በአብዛኛው የሚመረተው በተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ ምርቱ ራሱ ብዙ ካርቦን ይለቃል፤ የሚሄደውም በአመዛኙ ለማዳበሪያ ነው። መርከቦች ይህንኑ ምርት በነዳጅነት መሻማት ከጀመሩ የማዳበሪያ ዋጋ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ አጥብቆ የሚያነሣው ማዳበሪያ ከውጭ የሚገዛ አገር ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይገባል። ከሮተርዳም ወይም ከሲንጋፖር እንዲነሣልን መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ድርሻችን በሰው ነው። ባሕር ዳር ያለው የባሕር ሙያ ማሠልጠኛ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተያይዞ የምሕንድስና ምሩቃንን ማሪን ኢንጂነርና የመርከብ ኤሌክትሪክ ባለሙያ አድርጎ ያሠለጥናል፤ ልጆቹም በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ በሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። አሞኒያ ቢያፈተልክ መጀመሪያ የሚደርሰው እነርሱ ጋ ነው። በዓለም ላይ 1.9 ሚሊዮን ያህል ባሕረኞች አሉ፤ በ2022 በቀረበ ግምት መሠረት እስከ 2030ዎቹ አጋማሽ ድረስ እስከ 800,000 የሚደርሱት በአዲሶቹ ነዳጆች ላይ ተጨማሪ ሥልጠና ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ያ ሥልጠና ምን መምሰል እንዳለበት መወሰን ራሱ የምርምር ጥያቄ ነው። ሰው በድንጋጤ ጊዜ ምን ያደርጋል? የማስጠንቀቂያው ድምፅና ጽሑፍ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ብቻ ነው ወይስ ከብዙ አገር ለመጣ ሠራተኛ ሁሉ? ጭምብሉ በሞቃት የሞተር ክፍል ውስጥ ስንት ደቂቃ ሊለበስ ይችላል? እነዚህን ጥያቄዎች ከሁሉ አስቀድሞ ማንሣት የሚችሉት በዚያ ክፍል ውስጥ ፈረቃ የቆሙ ሰዎች ናቸው።

አይኤምኦ በ1983 በስዊድን ማልሞ ያቋቋመው የዓለም የባሕር ዩኒቨርሲቲ ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ሲያስተምር ኖሯል፤ ኢትዮጵያውያንም ተምረውበታል። ከዚያ የተገኘውን ዕውቀት በባሕር ዳር ካለው ሥልጠና ጋር ማገናኘት፣ ከመርከብ የሚመለሱ መሐንዲሶች ያዩትን አደጋና ለጥቂት ያመለጡትን ስሕተት የሚመዘግቡበት መንገድ መክፈት ግዙፍ የሙከራ ገንዳ አይጠይቅም። ራሆላም የጀመረው በመዝገብ ነው። ልዩነቱ እርሱ የሰበሰበው የሰመጡትን ታሪክ መሆኑ ነው፤ ዛሬ ግን ለጥቂት የተረፉትን መሰብሰብ ይቻላል፣ ከእነርሱም የሚገኘው ትምህርት ያነሰ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲዎች አደጋን ሁሉ ያስቀራሉ ማለት አይቻልም። በ1960 የታተመው ሐሳብ ግን በ1987 ሕግ ሆኖ ቢጠብቅ ኖሮ ባለሙያዎች የሚነድፏቸው መርከቦች ሌላ መልክ ይኖራቸው ነበር። ለአዲሶቹ ነዳጆች ሌላ 49 ዓመት የለንም። በጀቱን የሚመድቡ መንግሥታት፣ መረጃውን የያዙ ኩባንያዎችና ጥያቄውን የሚያነሡ ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የሚያደርጉት ወይም ሳያደርጉ የሚተዉት ነገር፣ የሚመጣው የመርከብ ሕግ በስሌት ይጻፍ እንደሆነ ወይም በሟቾች ስም ዝርዝር ይጀምር እንደሆነ ይወስናል።